ስለ አውቶሞቢል ዋጋ መከራከር የሚገባ ስለ መሆኑ

ሰው ዕቃ በሚገዛበት ጊዜ ከሻጩ ጋር በዋጋ መከራከሩ ከጥንት ጀምሮ የነበረ፥ በሕግም በልማድም ያልተነወረ ነገር ነው። ይልቁንም በአገራችን ገበያ አንድ ሰው የተጠራበትን ዋጋ ሳይከራከር ቆጥሮ ሲሰጥ ቢታይ፥ ወይ ለገበያው እንግዳ ነው፥ ወይም ገንዘቡ የራሱ አይደለም ተብሎ ይጠረጠራል። ይህ መልካም ልማድ ግን አንድ ደጃፍ ላይ ሲደርስ እንደ ጫማ ወልቆ ይቀራል። ያም ደጃፍ የአዲስ አውቶሞቢል መሸጫ ቤት ነው።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን ከወላይታ ዞን አንዲት ከተማ እናንሣ። ጉኑኖ ከሶዶ በስተ ሰሜን ምዕራብ የምትገኝ የዳሞት ሶሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የወላይታ ሰንጋ ስሙ እስከ አዲስ አበባ የታወቀ ስለ ሆነ፥ ሰንጋ ገዢ እንዴት አድርጎ እንደሚገዛ ማየት ትምህርት ይሆናል። ገዢው አስቀድሞ ገበያውን ከዳር እስከ ዳር ይዞራል እንጂ መጀመሪያ ባየው በሬ ፊት አይቆምም። የወደደውን ሲያገኝም መውደዱን ከፊቱ ይሰውራል። ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ይገምታል፥ ሻኛውንና ጐኑን ይዳብሳል፥ ጥቂት አስኪዶ አረማመዱን ያያል፥ ከማን ቤት እንደ ወጣና ምን ሲበላ እንደ ከረመ ይጠይቃል። ዋጋ ሲነገረው ይስቃል፤ እርሱም በተራው ዋጋ ሲጠራ ሻጩ ይስቃል። ትቶ ይሄዳል፥ ይጠሩታል፥ ይመለሳል። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ወይም ደላላ በመካከል ገብቶ ዋጋ ቈርጦ ያስማማቸዋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ግማሽ ቀን ያልፋል፤ ያከራከረውም ገንዘብ ምናልባት ሁለትና ሦስት ሺህ ብር ነው። ማንም ግን ይህን ሰው ሥሡ ነው አይለውም፤ ገበያ ዐዋቂ ይለዋል እንጂ።

እንግዲህ ይኸው ሰው ንግድ ቀንቶት፥ ወይም ውጭ አገር ያለ ልጁ ገንዘብ ልኮለት፥ ወይም የመሥሪያ ቤቱ የግዥ ኮሚቴ አባል ሆኖ ተመርጦ፥ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ አዲስ አበባ ገባ እንበል። የሚሄድበት ቤት ወለሉ እብነ በረድ፥ ግድግዳው መስተዋት ነው። አለባበሱ ያማረ ሻጭ ወንበር ይስብለታል፥ ቡና ያስቀርብለታል፥ "ጌታዬ" ይለዋል። ከዚያም ዋጋው ይነገረዋል፤ ብዙ ሚሊዮን ብር ነው። ያ በሰንጋ ፊት ግማሽ ቀን የቆመው ሰው አሁን ራሱን ነቅንቆ "መልካም ነው" ይላል። ቢበዛ "ትንሽ አስተያየት ይደረግልኝ" ብሎ በዝግታ ይናገራል። ሻጩም የእግር ምንጣፍና የመሪ ሽፋን ይመርቅለታል፤ ገዢውም እንደ ተከበረ ቈጥሮ ይፈርማል። ዕድሜ ልኩን በሰንጋ ገበያ ተከራክሮ ካዳነው ገንዘብ የሚበልጠውን በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደ ተወ አያስተውልም።

ይህ የሚሆነው ባለማወቅ ብቻ አይመስለንም፤ ይበልጡን በይሉኝታ ነው። የይሉኝታውም ሥር ሩቅ ነው። አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው እንደ ገበያ ዕቃ ሆኖ አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለውን ተሽከርካሪ ከጅቡቲ አስነሥቶ፥ በረሓውንና ዳገቱን አልፎ አዲስ አበባ ባገባ ጊዜ፥ መኪናው የቀረበው ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ነበር። ከዚያም በኋላ ለረጅም ዘመን አውቶሞቢል የቤተ መንግሥት፥ የመኳንንትና የሌጋሲዮን ዕቃ ሆኖ ኖረ። የክብር ዕቃ ደግሞ ዋጋው አይጠየቅም። ዘመኑ ካለፈ በኋላ ዕቃው ወደ ገበያ ወረደ፥ ይሉኝታው ግን አብሮ አልወረደም። ዛሬም ቪ ኤይት የሚሉት መኪና በአንድ ወረዳ ቢሮ ደጅ ሲቆም፥ ሰው የሚያየው ተሽከርካሪውን ሳይሆን ማዕርጉን ነው። በማዕርግ ላይ መከራከር የሚደፍር ማነው?

መፍትሔው የሚጀምረው ዋጋው ከምን ከምን እንደ ተጠራቀመ በመቍጠር ነው። ለጉኑኖ ሰው መለካትና መመዝገብ እንግዳ ነገር አይደለም። ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ አገር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ፥ ዝናብ ከገበሬው ማሳ ጠርጎ የሚወስደው አፈር በየጊዜው እየተለካ ሲጻፍ ኖሯል። ጎርፍ የወሰደውን አፈር መመዘን ከተቻለ፥ የመኪናን ዋጋ መፈታታት አያስቸግርም።

ምሳሌ እናድርግ። ሞተሩ ከ1,800 ሲ.ሲ. በላይ የሆነ አዲስ የነዳጅ አውቶሞቢል፥ የመርከብ ኪራዩና መድኑ ተጨምሮበት ወደብ ሲደርስ 1,000,000 ብር ተገመተ እንበል። የጉምሩክ ቀረጡ 35 በመቶ ስለ ሆነ 350,000 ብር ይጨመርበታል። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186 መሠረት የዚህ ዓይነቱ መኪና ኤክሳይዝ 100 በመቶ ነው፤ የሚሰላውም ቀረጡ በተጨመረበት ዋጋ ላይ ስለ ሆነ 1,350,000 ብር ይሆናል። ድምሩ 2,700,000 ብር ደረሰ። በዚህ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ 405,000 ብር፥ በሁሉም ድምር ላይ ደግሞ 10 በመቶ ሱር ታክስ 310,500 ብር ይጨመራል። መጨረሻው 3,415,500 ብር ነው። እንግዲህ ገዢው ከሚከፍለው ከመቶው 70 ያህሉ የመኪናው ዋጋ ሳይሆን የመንግሥት ግብር ነው ማለት ነው። ከዚህ በላይ ያለው የወደብና የማጓጓዣ ወጪ፥ የባንክ ወለድ፥ የሻጩ ኪራይና ደመወዝ፥ በመጨረሻም ትርፉ ነው። ክርክር የሚገባው በዚህ በመጨረሻው ክፍል ላይ ነው። ግብሩን ሻጩ ሊቀንሰው አይችልም፤ ትርፉን ግን ይችላል። የግብሩን ልክ የማያውቅ ገዢ ግን "ሁሉም ግብር ነው እኮ" ሲባል አምኖ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ ባንክ ዶላሩን በ57 ብር ገደማ ሲመነዝር የነበረው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ አደረሰው። ከዚያ ቀን በፊት ገብተው በየመጋዘኑ የቆሙ አውቶሞቢሎች ዋጋቸው በአንድ ሌሊት ተነሣ። ሻጩ ለምን ሲባል "ነገ ሌላ ለማስመጣት የምከፍለው በአዲሱ ምንዛሪ ነው" ይላል። ይህ ቃል ከንቱ አይደለም፤ ነጋዴ ዕቃውን ሽጦ ሌላ መተካት ካልቻለ ሱቁ ይዘጋል። ደግሞም ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ አውቶሞቢል ጭምር ያለባቸው 38 ዓይነት ዕቃዎች የባንክ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ተከልክሎ ስለ ነበር፥ በዚያ ጊዜ መኪና ያስመጣ ሰው ዶላሩን ከባንክ በ57 ሳይሆን ከባንክ ውጭ በእጥፍ ገደማ ገዝቶት ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ እንመንለት። ነገር ግን ግብሩን ለመንግሥት ያስገባው በጊዜው ባንክ ባወጣው ምንዛሪ ተሰልቶ ነው። በምሳሌያችን እንዳየነው ግብሩ ከጠቅላላው ከመቶ 70 ያህል ነው። ስለዚህ ሻጩ በመኪናው መነሻ ዋጋ ላይ የሚያቀርበው ምክንያት እውነት ሊሆን ቢችል፥ በአሮጌው ምንዛሪ የከፈለውን ግብር በአዲሱ ምንዛሪ ከገዢው መሰብሰቡ ግን ምክንያት የለውም። ይህን የሚያስረዳው ወረቀት ዲክላራሲዮን ይባላል፤ የገባበት ቀንና የተከፈለበት ግብር በላዩ ተጽፏል። የሰንጋውን ጥርስ ገልጦ የሚያይ ሰው ይህን ወረቀት አሳየኝ ብሎ ቢጠይቅ ምን ነውር አለበት? አላሳይም የሚል ሻጭም መልሱን በዚያው ሰጥቷል።

ጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውን ካስታወቀ ወዲህ፥ የገበያው ፊት ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዞሯል። ለእነዚህ መኪናዎች በ2014 ዓ.ም. ኤክሳይዝ፥ ተጨማሪ እሴት ታክስና ሱር ታክስ ሲነሣላቸው፥ ተሠርቶ ያለቀ ሆኖ በሚገባው ላይ 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፈል ተወስኖ ነበር። ታሪፍ የሚለዋወጥ ስለ ሆነ ገዢው የገዛበትን ቀን ልክ ከጉምሩክ መጠየቅ አለበት። በዚያ ውሳኔ ስናሰላው ግን፥ ወደብ ሲደርስ 1,000,000 ብር የተገመተው መኪና ከቀረጥ በኋላ 1,150,000 ብር ብቻ ነው። የነዳጁ ወንድሙ 3,415,500 ብር ሆኖ ነበር። ልዩነቱ የተተወው ገዢው እንዲጠቀም ታስቦ ነው እንጂ የሻጩ ትርፍ በዚያው ልክ እንዲያብጥ አይደለም። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና ሻጭ ዋጋውን ከነዳጅ መኪና ዋጋ ጋር እያመዛዘነ "ከዚያ ይሻላል" ሲል፥ ገዢው "ከዚያ ጋር አታወዳድርብኝ፥ ካስገባህበት ጋር አወዳድርልኝ" ማለት ይገባዋል።

ደግሞ ዋጋ ማለት ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ከኤሌክትሪክ መኪና ትልቁ ዋጋ ያለው ባትሪው ውስጥ ነው፤ ለባትሪው ማን ዋስ እንደሚሆንና ስንት ዓመት እንደሚሆን ያልተጻፈበት ርካሽ መኪና ርካሽ አይደለም። አይዲ 6 የሚባለው የፎልክስዋገን አውቶሞቢል በአዲስ አበባ ጎዳና ብዙ ይታያል፤ ፋብሪካው ግን የሠራው ለቻይና ገበያ ብቻ ነው። ስለዚህ ሻጩ በራሱ ስም ጽፎ ካልሰጠ በቀር የፋብሪካው ዋስትና ገዢውን እስከ ወላይታ ተከትሎ አይመጣም። የሰንጋ ገዢ ከማን ቤት ወጣ ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። የጉኑኖ ሰው ደግሞ የሚጨምረው ጥያቄ አለው፤ መኪናው በመንገድ ቢቆም የሚጠግነው ባለ ሙያ ሶዶ አለ ወይስ አዲስ አበባ ድረስ በጭነት መመለስ ሊኖርበት ነው? ያም ወጪ የዋጋው ክፍል ስለ ሆነ በድርድሩ ጊዜ መነሣት አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ጕዳይ እንግባ። እስከዚህ የተናገርነው በራሱ ገንዘብ ስለሚገዛ ሰው ነው። የራሱን ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ይሉኝታ ቢይዘው ጕዳቱ የራሱ ነው፤ ለጋስ ልሁን ቢልም የሚከለክለው የለም። ሊቃውንት አንባብያን ምናልባት አባታችን አብርሃምን ጠቅሰው ይከራከሩን ይሆናል። አብርሃም ለሣራ መቃብር የማክፌላን ዋሻ ከኬጢያዊው ከኤፍሮን ሲገዛ፥ ኤፍሮን በመጀመሪያ በነፃ ልስጥህ ብሎ በኋላ አራት መቶ ሰቅል ቢጠራ፥ አብርሃም አንድ ሰቅል ሳያስቀንስ መዘነለት። እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው በኦሪት ዘፍጥረት ጥቂት ምዕራፍ ወደ ኋላ ብንመለስ፥ ይኸው አብርሃም ስለ ሰዶም ሰዎች ከፈጣሪው ጋር ሲከራከር እናገኘዋለን። ከ50 ጻድቃን ጀምሮ ወደ 45፥ ወደ 40፥ ወደ 30፥ ወደ 20 እያወረደ እስከ 10 ደረሰ። በየጊዜው ይቅርታ ይጠይቃል፥ ግን አያቆምም። ለራሱ ሲገዛ ያልተከራከረ ሰው ስለ ሌሎች ሲቆም ያለ እፍረት ተከራከረ። ይህን ልብ እንበል። የማክፌላውም ግዢ ቢሆን የተፈጸመው በከተማው በር፥ በሕዝብ ፊት፥ በነጋዴ ዘንድ በታወቀ ሚዛን፥ ዋሻውና እርሻው ዛፉም ሳይቀር ተዘርዝሮ ነው እንጂ በጓዳ ሹክሹክታ አይደለም።

በሕዝብ ገንዘብ የሚገዛ ሹም ግን ብዙ ጊዜ የሚያደርገው የዚህን ተገላቢጦሽ ነው። የቤቱን በግ ሲገዛ ይከራከራል፤ የመሥሪያ ቤቱን መኪና ሲገዛ ይለግሳል። ይህ ልግስና አይባልም። የሚሰጠው የእርሱ አይደለምና።

እርግጥ የመንግሥት ገዢ እንደ ሰንጋ ገዢ ሄዶ ሊመላለስ አይችልም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የግዥ አዋጅ ቍጥር 649ም፥ እርሱን የተካው የ2016 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 1333ም ገንዘቡ ተገቢውን ፋይዳ እንዲያስገኝ፥ ግዥውም በውድድር እንዲሆን ያዝዛሉ፤ ክልሎችም በዚያው መንፈስ የየራሳቸው ሕግ አላቸው። በግልጽ ጨረታ ሰነዱ ከተከፈተ በኋላ ከአንዱ ተጫራች ጋር ለብቻ በዋጋ መነጋገር ለሙስና በር ስለሚከፍት አይፈቀድም። ታዲያ የሹም ክርክር የት ላይ ነው? ከጨረታው በፊት ነው። የሚፈለገውን መኪና ዓይነት በሚጽፍበት ጊዜ ነው። "የዘመኑ፥ ከፍተኛ ጕልበት ያለው፥ ባለ ቆዳ ወንበር" ብሎ ከጻፈ ዋጋውን ራሱ ሰቅሎታል፤ አንድ ሻጭ ብቻ ያለውን ቀለምና ቍጥር ከጻፈ ደግሞ ጨረታው ከመውጣቱ በፊት አሸናፊው ታውቋል። የዳሞት ሶሬን መንገድ በክረምት የሚያውቅ ሰው ከፍ ያለና አራት እግሩ የሚጐትት መኪና እንደሚያስፈልግ አይክድም። የቆዳው ወንበር ግን ጭቃ አያሻግርም።

ስለ ፕሮፎርማም ጥቂት ማለት ግድ ይሆናል። አነስተኛ ግዥ በሦስት ፕሮፎርማ ይወዳደር መባሉ መልካም ሥርዓት ነው። ይሁን እንጂ ሦስቱ ወረቀቶች ከአንድ ጓዳ የሚወጡበት ጊዜ አለ። ሻጩ ራሱ "አትቸገሩ፥ ሁለቱን እኔ አመጣላችኋለሁ" ይላል። ከዚያ በኋላ ሦስት ማኅተም፥ ሦስት ዋጋ፥ አንድ እጅ ይሆናል። የእርሱ ዋጋ ከሁለቱ በጥቂት ያንሳል፤ ኮሚቴውም ዝቅተኛውን መረጥን ብሎ ቃለ ጉባኤ ይጽፋል። ወረቀቱ ንጹሕ ነው፥ ኦዲተርም ቢመጣ ሦስቱን ቈጥሮ ይሄዳል። ይህን የሚያጋልጠው ሥነ ሥርዓቱ አይደለም፤ የዋጋውን መሠረት አስቀድሞ የቈጠረ አንድ የኮሚቴ አባል ነው። እርሱ ከላይ እንዳደረግነው በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ቀረጡን፥ ኤክሳይዙን፥ ሌላውንም ደምሮ "ይህ መኪና ለነጋዴው ከዚህ አይበልጥበትም፤ ሦስቱም ዋጋዎች ግን ከዚህ በእጥፍ ርቀው ጐን ለጐን ቆመዋል" ካለ፥ ሦስቱ ማኅተሞች ይረክሳሉ። ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ፥ ይህ ነገር የወላይታን ሹማምንት ከፊት ይልቅ የሚመለከታቸው ይመስለናል።

ከኮሚቴው ጋር መኪናውን ለመመርመር የሚሄደውን ባለ ሙያም አንርሳ። መካኒኩ ከገዢው አበል ይቀበላል፥ ከሻጩ ደግሞ ጉርሻ ይቀበላል፤ ከሁለት ጌታ የሚበላ ደግሞ የሚያገለግለው ትልቁን ጉርሻ የሰጠውን ነው። ስለዚህ አበሉን ቈጥቦ ደኅና ሠራተኛን ማስራብ ቁጠባ አይደለም።

የቤተ ክርስቲያን፥ የማኅበርና የጸሎት ቤት ግዥም ከዚህ የተለየ አይደለም። ምእመናን ከእንሰታቸውና ከቡናቸው ሽያጭ አዋጥተው ለአባታቸው ወይም ለአገልጋዮቻቸው መኪና ሲገዙ፥ ሻጩ "ለእግዚአብሔር ቤት ስለ ሆነ ይህን ያህል ቀንሻለሁ" ይላል። ኮሚቴውም መርቆት ይወጣል። የቀነሰው ግን ከየትኛው ዋጋ ላይ ነው? መጀመሪያ ከፍ አድርጎ ጠርቶ በኋላ የተወው ገንዘብ ምጽዋት አይሆንም። ካህን ሲከራከር አያምርም የሚሉ አሉ፤ የመበለቲቱን ሳንቲም ሳይቈጥሩ መስጠት ግን ከዚያ ይልቅ አያምርም። ካህኑ ራሱ መከራከር ቢከብደው ገበያ የሚያውቅ ምእመን ልኮ ያከራክር።

ስለ ሻጩም ፍርድ መስጠት ይገባናል። ገዢ ሁሉ ቅን፥ ነጋዴ ሁሉ ቀማኛ አይደለም። በመጽሐፈ ምሳሌ ሃያኛ ምዕራፍ ላይ ዕቃውን እያጣጣለ ገዝቶ ዘወር ሲል በግዢው የሚመካ ሰው ተነቅፏል፤ የዚያ ነቀፋ ዓላማ ገዢው እንጂ ሻጩ አይደለም። የሌለ ጕድለት እየፈጠሩ፥ "እገሌ በዚህ ያህል ይሸጣል" እያሉ ያልተባለ ዋጋ እየጠሩ መከራከር ሐሰት ነው። ነጋዴው ገንዘቡን ለወራት በመርከብና በጅቡቲ ወደብ፥ በሞጆም ደረቅ ወደብ አስሮ ይቆያል። ዕቃው በቆየ ቍጥር ኪራይ ይቈጠርበታል፥ የባንክ ወለድ አይተኛም። ለዚህ ሁሉ ትርፍ ይገባዋል። ትክክለኛ ዋጋ የምንለው ሻጩ ተጐድቶ የሚያለቅስበት ዋጋ አይደለም፤ ሁለቱም ወገን ሒሳቡን በአደባባይ ቢያነቡት የማያፍሩበት ዋጋ ነው።

ከተስማሙም በኋላ ነገሩ የሚበላሽባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው ቀብድ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቍጥር 1885 መሠረት፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፥ ቀብድ ሰጪ ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ ቀብድ ተቀባይ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ወረቀቱን ሳያይ፥ "ሌላ ሰው ሊወስደው ነው" ስለ ተባለ ብቻ ቀብድ የሚጥል ሰው፥ የመከራከር ኀይሉን አብሮ አስረክቧል። ሻጩ ይህን ስለሚያውቅ ነው ሌላ ገዢ ሁልጊዜ በስልክ ላይ የሚኖረው።

ሁለተኛው በውል ላይ የሚጻፈው ዋጋ ነው። አንዳንድ ሻጮች ግብር ለመሸሽ በውልና ማስረጃ ፊት የሚፈረመው ዋጋ ከእውነተኛው እንዲያንስ ይጠይቃሉ፤ ለዚህም ጥቂት ይቀንሳሉ። ገዢው እንደ ቅናሽ ያየዋል። መኪናው የተሰወረ ጕድለት ቢገኝበትና ውሉ ቢፈርስ ግን፥ የሚመለስለት የተጻፈው ገንዘብ እንጂ የተቈጠረው አይደለም፤ የቀረውን ሰጥቻለሁ ቢል ማስረጃው ራሱ የፈረመበት ሐሰት ይሆናል። መንግሥትን ከመበደሉ በላይ ራሱን በድሏል። በሲ.ፒ.ኦ. የተከፈለው፥ በውሉ የተጻፈውና በደረሰኙ ያለው ገንዘብ አንድ መሆን አለበት።

"ተታለልሁ፥ ሕግ ያድነኛል" ብሎ ደግሞ ማንም አይመካ። የዚሁ ሕግ ቍጥር 1710 የሚለው፥ የሁለቱ ወገኖች ጥቅም አልተመጣጠነም ተብሎ ብቻ ውል እንደማይፈርስ ነው። የሚፈርሰው አንዱ የሌላውን ችግር፥ የአእምሮ የዋህነት፥ እርጅና ወይም ግልጥ የሆነ የንግድ አለማወቅ መጠቀሚያ አድርጎ ሲገኝና ፍትሕ ሲያስገድድ ነው። ለሚሊዮን ብር ግዢ በማኅተም የተሾመ ኮሚቴ ዳኛ ፊት ቀርቦ "እኛ የዋሃን ነን" ቢል ማን ይሰማዋል?

በመጨረሻ ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች የምናቀርበው አሳብ አለን። በአሜሪካ አገር ሞንሮኒ የሚባሉ የኦክላሆማ ሴናተር ባቀረቡት ሕግ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1958 ጀምሮ፥ አዲስ አውቶሞቢል ሁሉ የፋብሪካው ዋጋ፥ የተጨመረለት ዕቃና የማጓጓዣው ወጪ ተዘርዝሮ በመስኮቱ ላይ ተለጥፎ እንዲሸጥ ተደርጓል። ወረቀቱም በሴናተሩ ስም ይጠራል። ክርክሩ በዚያ አልቀረም፤ ግን ገዢውና ሻጩ ከአንድ ቍጥር ተነሥተው ይከራከራሉ። በእኛም አገር በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ እንዲለጥፍ ያዝዛል። ሆኖም በየማስታወቂያው "ዋጋው በስልክ ይጠየቅ" የሚል ቃል እናያለን፤ ዋጋውም በደወለው ሰው ድምፅ መጠን ከፍና ዝቅ ይላል። አንድ ወረቀት ቢበቃ ነው። መኪናው ወደ አገር የገባበት ቀን፥ ጉምሩክ የገመተው ዋጋ፥ የተከፈለው ግብር በየዓይነቱ፥ ዋስትናውን የሚሰጠው ማን እንደ ሆነና ስንት ዓመት እንደ ሆነ፥ ከዚያም ሻጩ የሚጠይቀው ዋጋ። ይህ በአማርኛ ተጽፎ በመስተዋቱ ላይ ይለጠፍ። ከጉኑኖ የመጣው ገዢ ቡናውን እየጠጣ ያንብበው፥ ከዚያ በኋላ እንደ ለመደው ክርክሩን ይጀምር።